በኦምዱርማን ጉልላት ላይ የቆመው ጦር

የእስልምና ሃይማኖት የሰውንም ሆነ የእንስሳን ምስል ከመስጊድ ስለሚያርቅ፣ በዚያ ለዓይን የተተወለት ጽሕፈትና ሐረግ፣ ብርሃንና ባዶ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ቅዱሳን ከነገድላቸው በግድግዳ ላይ ተሥለው በሚታዩበት ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው፣ በመስጊድ ጌጥ ውስጥ ምሥጢር ሲፈልግ ሌላ ዓይነት ንባብ መማር ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ትምህርት ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙባት ከካርቱም፣ ይልቁንም ከወንዙ በስተ ምዕራብ ካለችው ከኦምዱርማን የተሻለ ስፍራ አላውቅም።

የሱዳን የሃይማኖት መሪ የነበረው ማህዲው እ.ኤ.አ. በ1885 ካረፈ በኋላ ተከታዩ ኸሊፋ አብዱላሂ በመቃብሩ ላይ ከሩቅ የሚታይ ታላቅ ጉልላት አሳነጸ። በዚያች ከተማ ብዙ ዘመን በምርኮ የኖረው ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን እንደ መሰከረው፣ በጉልላቱ አናት ላይ ሦስት ውስጠ ባዶ ድብልብሎች አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው በአንድ ጦር ተያይዘው ነበር፤ የጦሩም ስለት ከሁሉ በላይ ወደ ሰማይ ያመለክት ነበር። ኸሊፋው ይህን ያቆመው ፈቃዱ ካልተፈጸመለት ከሰማይ ጋር እንኳ ለመዋጋት መዘጋጀቱን ሊያሳይ ነው እያሉ ሰዎች ሲናገሩ መስማቱን ስላቲን ጽፏል። በግፍ አገዛዝ ሥር የሚማቅቅ ሕዝብ የገዢውን ጌጥ በመከራው በኩል ቢያነበው አያስደንቅም፤ ለማህዲው ተከታዮች፣ ለአንሷሮች ግን፣ ያው ጦር የሞቱለት ሃይማኖት ዓርማ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያንም ብንሆን ያንን ስለት ያለ ኀዘን ለማሰብ እንቸገራለን፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በእነዚሁ ተከታዮች፣ በድርቡሽ፣ እጅ ተቃጥለዋልና፣ በማግሥቱም ዓመት በመተማ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ ራስ ተቆርጦ የተወሰደው ወደዚያችው ወደ ኦምዱርማን ነውና። እንግሊዛዊው ኪችነር እ.ኤ.አ. በ1898 ከተማዪቱን ሲይዝ የማህዲውን መቃብር አፈረሰ፣ ዐፅሙንም ወደ ዓባይ አስጣለ፤ ዛሬ የሚታየውን ጉልላት እ.ኤ.አ. በ1947 ያሠራው የማህዲው ልጅ ሰይድ አብዱራህማን ነው።

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ በጉልላት ጫፍ ያለውን ምልክት በውስጥ የሚጸልየው ሰው አያየውም። እርሱ ፊቱን ወደ መካ፣ ከካርቱም ሲታይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መልሶ አቅጣጫውን በሚያመለክተው የግድግዳ ጎድጓዳ፣ በሚህራቡ፣ ፊት ይሰግዳል። የላይኛው ጌጥ የሚናገረው በውጭ ለሚያልፈው፣ ለመንገደኛው፣ አንዳንዴም ለጠላቱ ነው። በመስጊድ ጉልላት ጫፍ የምትታየው ጨረቃ ራሷ በቁርኣን የታዘዘች የሃይማኖት ምልክት አይደለችም፤ ይልቁንም በቱርኮች መንግሥት ዘመን የተስፋፋች ልማድ ናት። በመሆኑም አላፊው ሙስሊሞች ለጨረቃ ይሰግዳሉ ብሎ ቢፈርድ፣ ያልተነገረውን አንብቧል። የራሳችን አብያተ ክርስቲያናት በጉልላታቸው ላይ የሰጎን እንቁላል ይሸከማሉ፤ መምህራንም ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ሁሉ እግዚአብሔርም ዓለሙን ያለ ዕረፍት እንደሚጠብቅ በዚህ ያስተምራሉ። በማሊ አገር በጄኔ ያለው ዝነኛ የጭቃ መስጊድም በሹል ጫፎቹ ላይ ይህንኑ እንቁላል ተሸክሟል። ለእንቁላሉ እንደማንሰግድ የምናውቅ እኛ፣ የሌላውን ጉልላት በዚያው ርኅራኄ ማንበብ የማንችልበትን ምክንያት አላገኝም።

የውስጡ ነገር ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። የቁርኣን የብርሃን ምዕራፍ የፈጣሪን ብርሃን በግድግዳ መስኮት ውስጥ በተቀመጠ ፋኖስ ስለሚመስል፣ በብዙ አገር ጠቢባን በሚህራብ ላይ የተንጠለጠለ ቀንዲል ይቀርጻሉ፤ ይህም ምሳሌ እንጂ ምስል አይደለም፣ የሚያበራውን ሳያሳይ ማብራቱን ብቻ ይናገራልና። ወንዞቹ በሚገናኙበት ዳር እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው የኒለይን መስጊድ ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄዷል ብዬ አምናለሁ። ከውጭ ሲያዩት ጣሪያው እንደ ታላቅ የባሕር ዛጎል እየታጠፈ ይነሣል፤ አላፊውም የወደደውን ትርጓሜ ሊሰጠው ይችላል። ከውስጥ ግን ያን ሁሉ ስፋት የሚሸከም አንድ ዓምድ እንኳ የለም። የሰጋጆች ረድፍ፣ ሰፉ፣ ሲሞላ ሹሙና ተሸካሚው፣ ሽማግሌውና ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳርም ባልንጀራን ከባልንጀራ የሚጋርድ ነገር አይገኝም። የዚህ ቤት ታላቁ ጌጥ ይህ ባዶነት ይመስለኛል።