የተንኳኳ በር

ባለፈው ክረምት ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ቤታችን። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ የግቢያችን የብረት በር ተንኳኳ። ዶፍ ዝናብ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ በኃይል አይደለም፣ የሰው ቤት እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ ሰው እንደሚያንኳኳው ነው። እማዬ ተነሥታ መብራቱን አጠፋች። እኔ ብርሃኑ እንዳይታይ ስልኬን በፊቱ ደፋሁት። ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ጭቃው ላይ እርምጃ ሲርቅ ተሰማ። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው።

ጠዋት በሩ ሥር የጫማ ዳና ብቻ አገኘን። ሌባ ይሁን፣ ሚስቱን ምጥ የያዛት ጎረቤት ይሁን፣ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ይሁን አላወቅንም። ቤት ውስጥ ማንም ነገሩን አላነሣውም።

የአያቴ ቤት ማቻከል ነው። ልጅ ሆኜ እዚያ ሳድር ከአጥር ውጭ አንዳንዴ እንዲህ የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር፦ «ቤቶች! የመሸበት መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ!» አያቴ መጀመሪያ ውሻውን ታስይዛለች፤ ቀጥሎ የእግር ውኃ ታስሞቃለች። «ከወዴት መጣህ?» የሚባለው እንግዳው እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። የዋህ ሆና እንዳይመስላችሁ። ሽፍታ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ይህንን በልቤ ይዤ ነው ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ የገባሁት። የሄድኩት ቤተ መንግሥቶቹን ለማየት ነበር፤ የያዙኝ ግን በሮቹ ናቸው። ግቢውን የከበበው የድንጋይ ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሮቹም 12 ናቸው ይባላል። እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ወንበር በር ዳኞቹ የሚገቡበት ነው። ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። እምቢልታ በር የእምቢልታ ነፊዎቹ፣ ተዝካሮ በር የተዝካር፣ እንኮዬ በር ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ስሞች ስለሚከለከለው ጠላት ምንም አይሉም። የሚናገሩት ስለሚገባው ሰው ነው። የእኛን የብረት በር በማን ስም እንጥራው? ቆሜ ባስብ ባስብ አንድም ስም አልመጣልኝም።

ግን ፋሲልን ደግ በር ከፋች አድርጌ ልሥልላችሁ አልችልም። ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆረው ይኸው ንጉሥ የአገሩን በር የዘጋ ሰው ነው። አባቱ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተላለቀ። ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን አስወጣ። ምጽዋንና ሱዋኪንን ከያዙት የኦቶማን ቱርክ ገዥዎች ጋርም የአውሮፓ ቄሶችን እንዳያሳልፉ ተስማማ። በሌላ አነጋገር የባሕር በራችን ዘበኛ ቱርክ ሆነ። ልፈርድበት ይከብደኛል። ደም አይቶ ነው የዘጋው።

ቅጥሩም ቢሆን ከተማዋን አላዳናትም። በ1888 እ.ኤ.አ. የእኛው የጎጃሙ ንጉሥ፣ ደብረ ማርቆስን መናገሻቸው ያደረጉት ተክለ ሃይማኖት፣ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሽ ጦር ተሸነፉ። አቡ አንጃ ጎንደር ገብቶ ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ለካ የጎንደር በር ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። ርቆ ሄዶ ሊከላከልላት የቆመው ሰውም በሯ ነበር። እሱ ሲወድቅ ቅጥሩ ብቻውን ምንም አላደረገም።

የዚያን ማታውን ነገር ለጓደኛዬ ስነግራት «ብትከፍቱለትና ቢገድላችሁስ? የአያትህ ዘመን ሌላ፣ የእኛ ዘመን ሌላ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለማላውቀው ሰው ብዬ የእናቴን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ደግነት ነው ብዬ አላምንም። ስላልከፈትን ጥፋተኞች ነን ማለትም አልችልም።

ግን በመክፈትና በመዝጋት መሃል አንድ ነገር አለ፤ «ማነው?» ማለት። አያቴም ብትሆን ውሻውን የምታስይዘው ጥሪውን ሰምታ ነው እንጂ በሯን ሁሌ በርግዳ ትታ አይደለም። የተዘጋ በር ለሰውየው «አትገባም» ይለዋል፤ ሰውየውም ሌላ ቤት ይሞክራል። የጠፋ መብራት ግን «እኛም የለንም፣ አንተም የለህም» ነው የሚለው። ጥፋታችን ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለምን አልጠየቅንም? ብዙ አሰብኩበት። የፈራነው ሌባውን ብቻ አልነበረም። «ልጄ ታሞብኝ ነው» የሚል መልስም ፈርተናል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ከሰማህ በኋላ ተኝተህ ማደር አትችልማ።

በቀደም ማታ በራችን ደግሞ ተንኳኳ። እማዬ እጇን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ስትሰድ ቀደምኳት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ማነው?» አልኩ። ጎረቤታችን ናት፤ ልጇን አተኩሶት የትኩሳት ማስታገሻ ፈልጋ ነው። ከፈትኩላት፣ ሰጠናት፣ ሄደች።

በዚያ በክረምቱ ማታ ያንኳኳችውም እሷ ትሁን አትሁን አልጠየቅኳትም። እሱን ለመጠየቅ ገና አልደፈርኩም።