ባለ አንድ በሬው አባት

በወሎ ቦረና፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ አንድ ገበሬ ይኖር ነበር። ዘመኑ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ነው። ገበሬው ፊደል አልቆጠረም። ልጁ ግን ከደብሩ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት ጨረሰ፤ አንድ ቀን ማታም እሳት ዳር «ቅኔ መማር እፈልጋለሁ፤ ጎጃም ልሻገር፣ ዲማ ጊዮርጊስ ልግባ» አለ። ቅኔ የናፈቀው ልጅ ለወላጁ ሳይነግር ሌሊት ተነሥቶ መጥፋቱ የተለመደ ነበር። ይህ ልጅ ግን ተናገረ፤ ለአባት ከዚህ የበለጠ ክብር ያለ አይመስለኝም።

«እኔ ራሴ ወንዙ ድረስ አደርስሃለሁ» አለ አባት። እናት ቆሎ ቆላች፣ በሶ ፈጨች፣ ደበሎውን አራግፋ ሰጠችው። ጊዜው የግንቦት ማለቂያ ነበር። ክረምት ከገባ ዓባይ ለወራት ሰው አያሳልፍም፤ የዘገየ ልጅ ዓመቱ አለፈው ማለት ነው።

አባትዬው በረሃውን ከአፋፍ ሆኖ ከማየት በቀር ወርዶበት አያውቅም። ሆኖም ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ፊት ፊት ሄደ። አባት ነዋ። መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ጋ ሲደርሱ ፍየል የምትጠብቅ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ሊጠይቃት ሲል አባት «አውቀዋለሁ፣ ና» ብሎ በቀኝ ወረደ። ወረዱ፣ ወረዱ፤ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ገደል አፍ ላይ ቀጥ አለ። መሸባቸው። ቅላቸው ውስጥ የቀረችው ውሃ ሁለት ጉንጭ አትሞላም።

«አባቴ፣ በዚህ መንገድ ሄደው ያውቃሉ?»

ገበሬው ብዙ ቆየ። «አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አለማወቄን ላንተ ማሳየት ከበደኝ።»

ልጁ አልተቆጣም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚፈራው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ደበሎውን ለሁለት እንዲበቃ ዘርግቶ ከአባቱ ጎን ተኛ።

ሲነጋ ወደ ኋላ ወጡ። ፍየል ጠባቂዋ እዚያው ነበረች። አባት ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ እኛ ለመንገዱ እንግዶች ነን፤ መልካው በየት ነው?» ሲላት ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሰማ። ልጅቷ በግራ በኩል ያለችውን ዋንዛ አሳየቻቸው፤ ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ነገረቻቸው፤ ሳይጠይቋትም «ዋናተኞቹ ጥያቄ ያበዛሉ፤ ሳትደብቁ ንገሯቸው» ብላ ጨመረች።

መልካው ላይ ሲደርሱ ዋናተኞቹ ስልቻ እየነፉ ነበር። አለቃቸው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየና «ማዶ ምን ፈልገህ ነው?» አለው። አባት ቀደመ፦ «ቅኔ ሊማር ነው። ብርቱ ነው፣ የኔታው ያመሰግኑታል፣ ከእኩዮቹ ሁሉ...»

«የጠየቅሁት እሱን ነው» አለ አለቃው፤ በቁጣ አይደለም።

ልጁ ተንተባተበ። ከዚያ በአንድ የበዓል ቀን እንግዳ መሪጌታ በደብራቸው ቅኔ ሲዘርፉ መስማቱን፣ ግማሹ ሳይገባው እንቅልፍ አጥቶ ማደሩን ተናገረ። አጭር ነበር፤ አባቱም እስከዚያ ቀን ሰምቶት አያውቅም።

አለቃው ወደ አባት ዞረ። «አሁን እርስዎን ልጠይቅ። ውሃ ፊቱን ሲነካው ምን ይሆናል?»

ይህን ከአባት የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ጅረት ወስዶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ሰውነቱ ይደርቃል። በስሙ ሲጠሩትና ጀርባውን ሲነኩት ይመለሳል።»

ዋናተኛው ስልቻውን ከልጁ ደረት ከፍ አድርጎ አሰረው። «ስንት በሬ አለዎት?»

የመልካው ሥርዓት ነው፦ ጥማድ በሬ ያለው ሙሉ አሞሌ ይከፍላል፤ ባለ አንድ በሬ ግማሹን፤ በሬ የሌለው በነጻ ይሻገራል። አባት መቀነቱ ውስጥ የቋጠረው ግማሽ አሞሌ ብቻ ነው። ግን ልጁ አጠገቡ ቆሟል። ከሦስት ዓመት በፊት አንዱ በሬ በበሽታ ሲሞት፣ ልጁ የኔታ ዘንድ ስለነበረ፣ «ለዘመድ አውሼዋለሁ» ብሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን የሚመልስበት ቀን አላገኘም።

«የበሬዬ ቁጥር ለዋና ምን ያደርግልሃል?» አለ።

«ካልነገሩኝ እንደ ባለ ጥማድ ነው የምቆጥርዎት።»

የጎጃም ሰማይ ጠቁሯል። ሲደርሱ ረግጠውት የቆሙትን ድንጋይ ውሃው ውጦታል።

«አንድ» አለ ገበሬው። «ከጎረቤቴ ጋር ተቀናጅቼ ነው የማርሰው።»

ልጁ ወንዙን እያየ «አውቃለሁ» አለ። «ለምን ሰኞና ሐሙስ ብቻ እንደምናርስ አውቅ ነበር።»

ገቡ። እኩለ ወንዝ ላይ የልጁ ራስ ዝቅ ሲል አባት ሊጮህ አፉን ከፈተ። ዳር የቀረው ዋናተኛ ክንዱን ያዘው፤ «ድምፅዎን ከሰማ ዞሮ ያያል።» ገበሬው ጋቢውን ነከሰ። አለቃው ልጁን በስሙ ጠርቶ ጀርባውን ሲነካው ከዳር አየ። ማዶ ላይ ልጁ ደበሎውን ከፍ አድርጎ አሳየው።

ገበሬው ሲመለስ፣ መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ጋ፣ አንድ ሰው ልጁን አስከትሎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አገኘ። «ወንድሜ፣ እኔ ትናንት በዚያ ሄጄ ገደል ላይ ነው ያደርኩት» አለው።

ይህን ምሳሌ የምነግረው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለገባላቸው ወላጆች ነው፤ እኔም አምና አንዷ ነበርኩ። እኛ አገር ቤት ማትሪክ ተፈትነን፣ ውጤት መጥቶ፣ መንግሥት የመደበን ቦታ ነው የሄድነው፤ የወላጅ ድርሻ ስንቅ መቋጠርና መርቆ መሸኘት ነበር። እዚህ ልጁ ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይጽፋል፤ ወላጁም ይጠየቃል። ኮመን አፕ የሚሉት ማመልከቻ ኦገስት 1 ይከፈታል። ቀድሞ ለሚያመለክት የብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቀነ ገደብ ኖቬምበር 1 ነው፤ ለሌላው በብዛት ጃንዋሪ መጀመሪያ። ወንዙ ሞላ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደን ግን የበሬው ጥያቄ ነው። ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል እርዳታ ቅጽ በወላጁ ሥር ያለን ልጅ የወላጁንም ገቢ ይጠይቀዋል። ወላጁ የራሱን አካውንት ከፍቶ፣ መረጃው ከግብር መሥሪያ ቤቱ እንዲመጣ ካልፈቀደ፣ ልጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ብዙዎቻችን የምንቆመው እዚህ ላይ ነው። ገቢያችን አንሶ እናፍራለን፤ ወይም ቤት ስለገዛን ሀብታም ይሉናል ብለን እንሰጋለን። በፋፍሳ የሚኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባ እንደ ሀብት አይቆጠሩም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ከ2024–25ቱ ቅጽ ጀምሮ አካውንት መክፈት ይችላል። በዚያው ዓመት፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ የሚሰጠው ፔል ግራንት እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ብድር አይደለም። ቅጹን ማስገባት ደግሞ በነጻ ነው፤ ገንዘብ አምጡና ልሙላላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት።

ለኮመን አፕ የሚጻፈው ድርሰት የልጁ ነው፤ ከ650 ቃል አይበልጥም፤ በዚያች ቦታ የእኛ ድምፅ ሊገባባት አይገባም። ስለ ልጁ የምናውቀውን ለትምህርት ቤቱ አማካሪ መንገር ግን የእኛ ፋንታ ነው። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ታናናሾቹን የሚያበላው እሱ መሆኑን ሌላ ማን ይነግርለታል? እንግሊዝኛችን ቢሰበርም እንናገር። አማካሪው ዘንድ ገብቶ «ይህን አድርጌ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?» ማለት ይከብዳል፤ እኔንም ከብዶኛል። ልጃችን አጠገባችን ቆሞ ቢሰማ ግን የሚማረው ነገር አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመምህሩ ቢሮ በር ላይ ብቻውን ሲቆም ያስፈልገዋል።

አንዱን ብቻ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ማመልከቻ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው ልጁን እዚያው እንዲገባ ያስራል፤ ወላጅም ይፈርምበታል። ከዚያ በፊት በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ለእናንተ ቤተሰብ የሚደርሰውን ወጪ የሚገምተውን ማስያ ሙሉት፤ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች እንዲያቀርቡት ሕግ ያስገድዳቸዋል።

እኔ ፋፍሳውን ከልጄ ጋር የሞላሁት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ነበር የቆየሁት። የዓመት ገቢዬ ያለበትን ወረቀት መጀመሪያ በእጄ ሸፈንኩት። በኋላ እጄን አነሣሁና ቁጥሩን አነበብኩላት። ቀና አላለችም። «አውቃለሁ እማዬ» አለችኝ፤ «ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ፖስታሽን ሁሉ የማነብልሽ እኔ አይደለሁ?» ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችና የምፈርምበትን ቦታ አሳየችኝ።