ለእናንተ ልምምድ፣ ለልጁ ዓመቱ

ልጆቼ፣ ከፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወጥታችሁ ወደ ጅጋም ሆነ ወደ ማንኩሳ፣ ወደ ቡሬም ሆነ ከአስፋልቱ ራቅ ወዳሉት ቀበሌዎች ለፕራክቲከም የምትሄዱ፣ እስቲ ጥቂት አረፍ በሉና ስሙኝ። ልብስ አጥባችኋል፣ ቤት ኪራይ አጠያይቃችኋል፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ አወጣጡንም ተምራችኋል። መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፦ ይህ ጊዜ ለእናንተ ልምምድ ነው፤ ከፊታችሁ ለሚቀመጠው ልጅ ግን ልምምድ አይደለም። እሱ ሦስተኛ ክፍልን የሚማረው አንዴ ነው። አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም።

ጎረምሳ እርፍ መጨበጥ ሲማር አባቱ የማሳውን ዳር ይሰጠዋል። ትልሙ ቢወላገድ ጉዳቱ ከዚያች ጥግ አያልፍም። ክፍል ግን ዳር የለውም፤ ከኋላ የተቀመጠችው ዝምተኛ ልጅም መሐል ማሳ ናት። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ይባል የለ? እናንተ ግን ለአረሙ አትመለሱም፤ ያን ጊዜ ኮሌጃችሁ ገብታችኋል። አረሙ የሚተርፈው ለቀጣዩ መምህር፣ ከዚያም ለልጁ ለራሱ ነው።

ስለዚህ ጠመኔ ከማንሳታችሁ በፊት ከኋላ ወንበር ተቀመጡና እዩ። የሚቀበላችሁ መምህር አዲሱን የማስተማር ዘዴ እንደ እናንተ በስሙ አይጠራው ይሆናል። ነገር ግን የትኛው ልጅ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የትኛዋ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ስትውል የቤት ሥራ እንደሚያመልጣት ያውቃል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፤ እሱን ጠይቁ። ለእናንተ ያልታያችሁን ስህተት ቢያይባችሁም በልጆች ፊት አትከራከሩት፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

ደግሞስ የምትሄዱት ወደ ማን አገር ነው? ጎጃም ነው። እነ ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የበረታው ተማሪ ታናናሾቹን እያስቀጸለ፣ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት እየተቀመጠ ነው ማስተማርን የሚለምደው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ይመስለኛል። በዚህ አገር ልጅ ማንበብ ሳይችል ክፍል ሲቆጥር የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ስለ ንባብ ካነሳሁ አይቀር፣ ያለንበትንም ዘመን ልናገር። ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። በስም መጥሪያው ላይ ሦስተኛ ክፍል የተባለው ልጅ በንባብ ገና አንደኛ ላይ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ገፍቶ ከታናናሾቹ ጋር የተቀመጠም ይኖራል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ልጅ በሰው ፊት አስነስታችሁ «አንብብ» አትበሉት። በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጥሩት፣ አንድ አጭር አንቀጽ ስጡት፣ የት ላይ እንደሚቆም ስሙት። ፊደሉን ነው የሳተው? ወይስ ፊደሉን ለይቶ ቃሉን ማያያዝ ነው ያቃተው? በደብተር ጻፉት። ክፍሉ 60 ልጅ ቢይዝ ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨርሱት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ከክፍል የሚቀረውንም ልጅ ቶሎ ሰነፍ አትበሉት። በጥቅምትና በኅዳር በርበሬ ይለቀማል፣ ጤፉም ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የልጅ እጅ ከቤት ይፈለጋል። ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አባቱን «እንደምን ዋሉ» በሉ፣ የሚቀርባችሁን ቀምሳችሁ፣ ነገሩን ቀስ ብላችሁ አንሱ። በደብዳቤ ከተጠራ ወላጅ ይልቅ ቤቱ የተከበረ ወላጅ ልጁን ቶሎ ይመልሳል።

አንዳንዱ ወላጅ «ግረፉልን» ይላችኋል፤ ከክፉ ልብ አይደለም፣ ያደገበት ነው። እናንተ ግን አርጩሜ አታንሱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቀ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ? የተገረፈ ልጅ ያልገባውን መጠየቅ ይተዋል፤ ያልጠየቃችሁን ደግሞ ልትረዱት አትችሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ስማቸውን አጥኑ፤ በስሙ የተጠራ ልጅ ያለ አርጩሜም ይሰማል።

ስለ እናንተም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል አይጠፋም። አትከፉ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ወደየክፍለ ሀገሩ ወጥተው እንዲያገለግሉ ሲደረግም ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ያገለገሉት በማስተማር ነው። እነሱ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነበራቸው። ለእናንተ የተሰጣችሁ ሳምንታት ናቸው፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ልትዘጋጁ ይገባል። ከሰልፉ በፊት ድረሱ፤ የነገውን ትምህርት ዛሬ ማታ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አስተምሩ። ሐሜተኛውን የሚመልሰው ይህ እንጂ ክርክር አይደለም።

እናንተም የጅጋ እናቶችና አባቶች፣ እነዚህ ልጆች ቤት ሊከራዩ ሲመጡ እንደ ባዕድ አትቁጠሯቸው። የኪራዩን ነገር በልክ አድርጉላቸው፣ ቡናም ሲፈላ ጥሯቸው፤ የሚያስተምሩት የእኛኑ ልጆች ነው።

ልጆቼ፣ ጊዜው አልቆ ስትወጡ ያን የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ አትሂዱ። ማን ፊደል ለየ፣ ማን ቃል ላይ ቆመ፣ ማን በምን ምክንያት ቀረ የሚለውን ከክፍሉ መምህር ጋር ተቀምጣችሁ ስም በስም አንብቡለትና አስረክቡት። ለኮሌጁ ሪፖርት የሚሆናችሁን ገልብጡ፤ ዋናው እዚያው ክፍል ይቅር።