የመፀው ፍቅርና ክርስቲያናዊ ትርጉሙ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ሲባል፣ እስከ ኅዳር 5 ያሉት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ዘመን፣ ተብለው የእመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ይታሰብባቸዋል። ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ካህናቱ በጸናጽልና በከበሮ ማኅሌተ ጽጌን ሲያደርሱ ድንግል ማርያምን በአበባ፣ ክርስቶስን በፍሬ ይመስላሉ።

ወቅቱ የሚወደደው ግን ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ሜዳውን ቢጫ ያለበሰው አደይ ረግፎ የጤፉ ዛላ ሲጎነብስ፣ የሰውን ክብር በሜዳ አበባ የመሰለው ነቢዩ ኢሳይያስ የማያልፈውን የእግዚአብሔርን ቃል ማመልከቱ ይታወሳል። ስለዚህ መፀውን የሚወድ ክርስቲያን በአበባው ፈጣሪውን ሲያመሰግን፣ በመርገፉ ደግሞ የሃይማኖት ፍሬ የሚባለውን በጎ ምግባር አፍርቶ ለመገኘት ይተጋል።