ለመመታት የተሠራ ብረት

የመኪና አካል በሙሉ የሚሠራው ከግጭት እንዲድን ነው። ፓራውልት ብቻ እንዲጋጭ ታስቦ ይሠራል። መብራቱ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ከኋላው የሚሰለፉት እሱ ቀድሞ እንዲመታላቸው ነው። የጥንት መኪና ወዳጆች አንድ ፓራውልት ከበው «ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ?» እያሉ ሲከራከሩ ቀልቤ የሚሳበው ለዚህ ነው። ከሁሉ ቀድሞ እንዲጎዳና እንዲለወጥ በተፈረደበት ዕቃ ላይ ያልተለወጠ ነገር ይፈልጋሉ። ፍለጋው ከንቱ አይመስለኝም። የሚፈለገው ምን እንደሆነ ግን ረጋ ብሎ ማየት ያሻል።

ቮልስ የምንላትን ትንሿን ቮልስዋገን እንውሰድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1938 እስከ 2003 ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቀርቦ ለመረመረ ግን በየዓመቱ አንድ ነገር ተለውጦባቸዋል። ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ያለው ፋብሪካዋ በእኛ ክረምት ሠራተኞቹን ለዕረፍት ያሰናብትና ሲመለሱ፣ በነሐሴ፣ የመጪውን ዓመት ሞዴል መሥራት ይጀምር ነበር። እኛ እንቁጣጣሽን ስንጠባበቅ የእነሱ አዲስ ዓመት ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ በመስከረም 1967 የተሠራች ቮልስ የ1968 ሞዴል ናት። ይህን የሚመሰክረው የሻንሲ ቁጥሯ ነው፤ ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ስለሚያመለክት፣ በ118 የሚጀምር ቁጥር 1968 ይላል። ሊብሬው ላይ 1967 የሚል አንብቦ «የእሷ ፓራውልት አሮጌው ነው» የሚል ሰው በቅን ልቦና ይሳሳታል።

የ1967 ነሐሴ ለቮልስ ወዳጆች ትልቅ ድንበር ነው። እስከዚያ ድረስ ፓራውልቱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ጠርዙ የለዘበ ቅስት ነበር፤ ግራና ቀኝም ሁለት ቀጥ ያሉ መከላከያዎች ቆመውበታል። ወደ አሜሪካ በሚላኩት ላይ ከእነዚህ መከላከያዎች በላይ የታጠፈ ቱቦ ይጨመር ነበር፤ የአሜሪካ መኪኖች ፓራውልት ከፍ ያለ ስለሆነ የቮልሷ ሥሩ ሾልኮ እንዳይገባ ነው። ከነሐሴ 1967 በኋላ ግን ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ባለማዕዘን፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ፓራውልት መጣ። እሱን ለማስተናገድ የፊትና የኋላ ክዳኖቹ አጠሩ፤ መያዣው የሚያልፍበት የፓራፋንጎው ክፍተትም ቦታውን ለቀቀ። የቀድሞውን ውበት በኋለኛዋ መኪና ላይ መመለስ የሚፈልግ ሰው ታዲያ ቡሎን ፈትቶ ቡሎን በማሰር አይገላገልም። መያዣውን ማሻሻል ወይም ፓራፋንጎዎቹን ጭምር መለወጥ ይኖርበታል። ጌጥ መስሎ የታየው ብረት የመኪናዋን ግማሽ አካል ይዞ ይንቀሳቀሳል።

ድንበሩ ግልጽ ነው ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ርካሿ ባለ 1200 ሞተር ቮልስ፣ ሁለቱን መከላከያዎች ትታ፣ የአሮጌውን ቅርጽ ፓራውልት እስከ 1973 ይዛ ቆየች። እናም የ1970 ቮልስ ላይ አሮጌ ፓራውልት አይቶ «ይህ ስህተት ነው» ያለ አዋቂ ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ለገዢ ምርጫ የሚያቀርባቸው ተጨማሪ ዕቃዎችም ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በኤም ፊደል የሚጀምር መለያ ነበራቸው። በዓይን ብቻ አይፈረድም። ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ መዝገቡን ፈልጎ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መኪናዋ መቼ እንደተሠራች፣ ቀለሟ ምን እንደነበር፣ ወዴት አገር እንደተላከች፣ ምን ተጨማሪ ዕቃ እንደታዘዘላት ይነግራል። ለዚያ ወረቀት ትልቅ ክብር አለኝ። ስሙን የማናውቀው አንድ ጸሐፊ፣ ነገ ማንም ይጠይቀዋል ብሎ ሳያስብ፣ የሥራውን ሐቅ በትክክል መዝግቦ አልፏል።

የእንግሊዟ ኤምጂቢ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ታነሳለች። ይህች ባለሁለት ወንበር መኪና ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በምትባል ከተማ ተሠርታለች። የአሜሪካ መንግሥት ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ፓራውልት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ከፊት ቢጋጭ መብራቱና ሌሎቹ የደኅንነት ክፍሎች እንዳይጎዱ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ኤምጂቢም በ1974 መገባደጃ ስስና አንጸባራቂ ፓራውልቷን ትታ፣ ውስጡ ብረት ላዩ ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ ትልቅ ፓራውልት ለበሰች፤ ቁመቷም ከመሬት ከፍ ተደረገ። ዛሬ ብዙ ባለቤቶች ያንን ጥቁር ፓራውልት አውልቀው የቀደሙትን ዓመታት ክሮም ይገጥሙላታል። አብሯት የተወለደው ይጣላል፤ የእህቷ ይደረግላታል። ወደ አሜሪካ በተላኩት የ1970ዎቹ የመርሴዲስ ስፖርት መኪኖች ላይም ወፍራሙን አውልቆ ስሱን የአውሮፓ ፓራውልት መግጠም የተለመደ ነው።

አልነቅፋቸውም፤ ክሮሙ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ጥቁሩ ፓራውልት የአንድ ዘመን ሰነድ ነው። ዋሽንግተን ላይ የተጻፈ ደንብ ባሕር ተሻግሮ የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ሠራተኞች የሚሠሩትን መኪና መልክ እንዴት እንደለወጠው በብረትና በፕላስቲክ ተጽፎ የሚነበብ እዚያ ላይ ነው። እኔ ብሆን አላወልቀውም። ማውለቅ ግድ ከሆነም ጠቅልዬ ጋራዡ ጥግ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ለቁራሌው አልሰጠውም።

ያልተለወጠው እንኳ ሳይነካ አይኖርም። የዛገ ፓራውልት ወደ ክሮም ነካሪ ሲሄድ አሮጌው ልባስ ይገፈፋል፣ ጉድጓዱ ይቀናል፣ ብረቱ ይሞረዳል፣ ከዚያ መዳብ፣ ኒኬል፣ በመጨረሻም እጅግ ስስ የሆነ ክሮም ይለብሳል። በሞረዱት ቁጥር ጠርዙ ይበልጥ ይለዝባል፤ የፋብሪካው ምልክትም ይደበዝዛል። አጥንቱ የመጀመሪያው ነው፣ ቆዳው አዲስ ነው። ታዲያ ከፋብሪካ የወጣው የትኛው ነው? መልሱን በአንድ ቃል መስጠት አልችልም። የቱ እንደተነካ ማወቅና መናገር ግን ይቻላል። ፊቫ የተባለው የጥንት ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያወጣው የቶሪኖ ቻርተር ወደዚሁ ያዘነብላል፤ የተተካው ክፍል ተለይቶ እንዲታወቅ፣ የተሠራው ሥራም እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በ1964 ለታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ከወጣው የቬኒስ ቻርተር የተቀዳ ሐሳብ ነው። ለቤተ መንግሥት የተጻፈ ሕግ ለቮልስ ፓራውልት ሲደርስ ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። ቀረጥና ታክሱ ከባድ በሆነበት አገር አሮጌ መኪና አይጣልም፤ ይጠገናል። የእኛ ቮልሶች ብዙዎቹ ለትርኢት አልቆሙም፤ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰዋል፣ እህል ከገበያ አምጥተዋል። ከሶማሌ ተራ በተገኘ ዕቃ፣ ከቆመች ጎረቤት በተፈታ ፓራውልት፣ አንዳንዴም የጎበጠውን መልሶ በቀና የላሜራ ቀጥቃጭ መዶሻ ነው እዚህ የደረሱት። በውድድር ዓይን ካየናቸው ነጥብ ይቀነስባቸዋል። እኔ ግን ንጹሑ፣ አንድም ቀን ያልተነካው ፓራውልት የተሠራበትን ሥራ እንዳልሠራ አስባለሁ፤ የጎበጠው ሠርቷል። የመዶሻው ዱካም የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ቮልፍስቡርግ ካለው እጅ የሚያንስ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሙዚየሙ መዝገብ ፋብሪካው በር ላይ ያበቃል። መኪናዋ መቼ እንደወጣች፣ ወዴት እንደተላከች ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ግማሽ ምዕት ዓመት አያውቅም። ሊብሬም የባለቤቱን ስም፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ይይዛል እንጂ ስለ ፓራውልት አይናገርም። ይህን የሚያውቁት በንጉሡ ዘመን በእነዚህ መኪኖች ላይ ሙያ ለምደው ዛሬ ያረጁት መካኒኮች ናቸው፤ የጻፉት ነገር የለም። አንድ ደብተር ከሊብሬው ጋር ማስቀመጥ ለባለቤቱ ቀላል ነው። እነሱ ሳሉ ይጠየቁ፦ የፊቱ ፓራውልት መቼ ተለወጠ? ከየትኛዋ መኪና ተፈታ? ቱቦው ስትመጣ ነበረባት? የቀኙ መያዣስ የተበየደው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ በማን እጅ?