በሰው አገር በእግር መሄድ

በሰው አገር በእግሩ የሚያልፍ መንገደኛ ምን መብት አለው? ምንስ ዕዳ አለበት? ጥያቄው የፍልስፍናም የሃይማኖትም ነው። በደቡብ ኦሞ ግን ከሁለቱም በፊት የዕለት ተዕለት የኑሮ ጥያቄ ነው። በጂንካ ዙሪያ ካሉት የአሪ መንደሮች ጀምሮ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ እስካለችው የካሮዎች መንደር እስከ ዱስ ድረስ፣ ተቧድኖ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከመንገድ አይጠፋም። አንዱ ገበያተኛ ነው፣ አንዱ ከብት ይነዳል፣ አንዱ ደግሞ አስጎብኚ ይዞ አገር ለማየት የመጣ ነው። ሁሉም የሚረግጡት አንድ አቧራ ቢሆንም በምድሪቱ ላይ ያላቸው ሥልጣን የተለያየ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰት ለመጀመሪያው ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ምድር ክብ ስለሆነች ሰዎች ማለቂያ በሌለው ስፋት ተራርቀው ሊኖሩ አይችሉም፤ ዞሮ ዞሮ መገናኘታቸው አይቀርም። ስለዚህ ማንም ሰው በሰላም እስከመጣ ድረስ በደረሰበት አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው። ካንት ይህን የመጎብኘት መብት ብሎ ከመስተናገድ ይለየዋል። ቤት ገብቶ መቀመጥና መስተናገድ የባለቤቱን በጎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጎብኚው በመብት ሊያገኘው አይችልም። ፈላስፋው ይህን ልዩነት ያጠበቀው የዘመኑ የአውሮፓ ነጋዴ መንግሥታት የሰውን አገር መጎብኘትንና መውረርን አንድ አድርገው ያዩ ስለነበር ነው። ሐሳቡ ዛሬም ድረስ የሚያገለግለው በዚህ ወቀሳው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

የሃይማኖት ትውፊት ከካንት አልፎ ይሄዳል። በኢትዮጵያ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው መልስ ባለቤቱን ራሱን ከባለቤትነት ወደ አደራ ጠባቂነት ዝቅ ያደርገዋል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት መንገደኞችን ሮጦ የተቀበለበትን ታሪክ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥላሴ በአብርሃም ቤት የተስተናገዱበት አድርጋ ታስተምራለች፤ የእንግዳን እግር ማጠብም ከዚያ ታሪክ ጋር ይያያዛል። በእስልምናም መንገደኛ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ነው። ሁለቱም ትውፊቶች የአስተናጋጁን ግዴታ አምልተውና አስፍተው ይናገራሉ። የእንግዳው ግዴታ ግን በአብዛኛው በሥርዓትና በልማድ ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ነው፤ ፈልጎ ማውጣትን ይጠይቃል።

ይህን ግዴታ ለማየት የደቡብ ኦሞን የገበያ ሳምንት መከተል ይበቃል። ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ ይቆማሉ። ሐመሩ፣ በናው፣ ፀማዩና አሪው ለእነዚህ ገበያዎች በሌሊት ተነስቶ በቡድን በቡድን ይወጣል። ሴቶች በቅል ማርና ቅቤ፣ በጀርባቸው ማሽላ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ሾፎሮ ለሚባለው መጠጥ የሚሆን የቡና ገለባ ይሸከማሉ። ወንዱ ዱላውንና ቦርኮቶውን በአንድ እጁ ይይዛል። ቦርኮቶ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለች ትንሽ መቀመጫ ናት፤ በእረፍት ጊዜ ይቀመጡባታል፣ ሲተኙ ትራስ ትሆናለች። ቦርኮቶ የያዘ ሰው የትም ቢደርስ መቀመጫ ስለማይቸግረው ቆሞ ለማውራት አይቸኩልም፤ መንገድ ላይ ሌላ ቡድን ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ይጠያየቃል። ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ናችሁ፣ ዝናብ ጥሏል ወይ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ የታመመ አለ ወይ?

ይህ ጥያቄ እንደ ከተማ ሰላምታ በአፍ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። መልሱ የግጦሽና የውሃ ወሬ ነው፣ የጸብና የእርቅ ወሬ ነው፤ በመልሱ ላይ ተመሥርቶ መንጋ ይንቀሳቀሳል። የሚያልፈው ሰው መጠየቁንና መመለሱን ሲቀበል ማንነቱን ለባለአገሩ ያስረክባል። በሐመርና በጎረቤቶቹ ዘንድ ከዚህ የጠለቀ ትስስርም አለ፤ የተለያየ ሕዝብ የሆኑ ሁለት ሰዎች በስጦታ ይወዳጃሉ፣ አንዱ በሌላው አገር ሲያልፍ ቤቱ ያርፋል፣ ወዳጅነቱም ወደ ልጆች ሊተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከሐመሮች ጋር የኖሩት አንትሮፖሎጂስቶች ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል ስለዚህ ሕዝብ ኑሮ በሰፊው ጽፈዋል። እንዲህ ባለው አካባቢ የእንግዳ ዋነኛ ግዴታ ለጥያቄ መገኘት ነው። ስጦታው፣ ክፍያው፣ ምስጋናው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መንገድና አገር እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከሁሉም አጉልተው ያሳዩት በዚሁ አካባቢ የሚኖሩት ሙርሲዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን እንደገለጸው፣ ሙርሲዎች ታሪካቸውን የሚተርኩት ቀዝቃዛ ምድር እየፈለጉ እንደተጓዙበት ጉዞ አድርገው ነው። ቀዝቃዛ ምድር ሲባል ለእርሻ የሚሆን የወንዝ ዳር ጫካና ለከብት የሚሆን ውሃ ያልራቀው ሣር በአንድነት የሚገኙበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ከባድ ድርቅ በኋላ፣ በ1979 ገደማ የተወሰኑት ወደ ማጎ ሸለቆ ከፍታ የሄዱት በዚሁ ፍለጋ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ መሬት ማለት ተራምዶ የደረሰበት፣ ያረሰውና ሙታኑን የቀበረበት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የኦሞ፣ ከዚያም የማጎ ብሔራዊ ፓርኮች ሲከለሉ፣ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ባለአገሩን በገዛ አገሩ አላፊ አግዳሚ ሊያደርገው የሚችል ሆነ። ስለ መንገደኛ መብት የሚነሳ ክርክር ይህን ካልቆጠረ ጎደሎ ነው።

በሌላው ዓለም የእግር ጉዞ መብት ትግል መልኩ የተገላቢጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 ከማንቸስተርና ከሼፊልድ የወጡ ወጣት ሠራተኞች ለአደን ታጥሮ ወደተያዘው የኪንደር ስካውት ኮረብታ በጅምላ ወጡ፤ ከመካከላቸው አምስቱ በእስራት ተቀጡ። በእንግሊዝና በዌልስ በተራራና በጋራ ሜዳ ላይ በእግር የመንቀሳቀስን መብት ያሰፋው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እነዚያ ተጓዦች የሳምንት ድካማቸውን ከፋብሪካ ከተማ ውጭ ለማራገፍ የፈለጉ ድሆች ነበሩ፤ የከለከላቸው ባለርስት ነው። ሕጉ በኋላ ለእነሱ ማድላቱ ተገቢ ነበር። በጂንካ ዙሪያ ግን ተራማጁ ጎብኚ ከባለአገሩ ይልቅ ገንዘብ፣ መኪናና ካሜራ ያለው ነው። ያንኑ የመንቀሳቀስ መብት እዚህ አምጥቶ «ምድር የሁሉም ናት» ማለት ኃይለኛውን ማበርታት ይሆናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ይለዋል፤ አርብቶ አደሮችም ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው በዚያው አንቀጽ ተደንግጓል። አጥር የሌለው ሜዳ ባለቤት የሌለው ሜዳ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከጂንካ ወጣ ብለው ወደ አሪ መንደሮች በእግር የሚወሰዱ ጎብኚዎች ሸክላ ሲሠራ፣ ብረት ሲቀጠቀጥ፣ አረቄ ሲወጣ ያያሉ። ጉዞው ቀስ ያለ ስለሆነ ከመኪና መስኮት ከማየት እጅግ ይሻላል። ሆኖም በእግር መሄድ ብቻውን ሰውን እንግዳ አያደርገውም። በዱስና በአጠገቧ በኮርቾ ካሮዎች ሰውነታቸውን በነጭ አፈር አስጊጠው ለፎቶ ይቆማሉ፤ ጎብኚው ከፍሎ ያነሳል፤ ተራው ያልቃል፤ ይሄዳል። ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ሙርሲና ስለ ፎቶ አንሺዎች በጻፈው መጣጥፍ ላይ እንደሚታየው፣ ሙርሲዎች እነዚህ ሰዎች ለምን እንደሚያነሷቸውና ፎቶውን ምን እንደሚያደርጉበት ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ገበያተኛው መንገድ ላይ ከሚጠየቀው ጋር አንድ ነው፦ ከየት መጣህ፣ ምን ፈልገህ ነው? ልዩነቱ ጎብኚው ሳይመልስ መሄዱ ነው።

ብዙ ጊዜ ነቀፋው በገንዘቡ ላይ ያርፋል፤ ክፍያ ባህልን አረከሰ ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስልም። ሰው ፊቱን ለሰጠበት፣ ፀሐይ ላይ ለቆመበት ዋጋ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ገበያ የለመደ ሕዝብ ይህን ሳያውቅ ቀርቶም አይደለም። ጉዳቱ ክፍያው የጥያቄውን ቦታ ሲወስድ ነው። ከፋዩ ዕዳውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ተከፋዩ ስለ ከፋዩ አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። ጥሩ አስጎብኚ ይህን ይፈታል፦ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ያስፈቅዳል፣ ጎብኚዎቹን አስቀምጦ እንዲጠየቁ ያደርጋል፣ ካሜራው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስተረጉመውም የጎብኚውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የባለአገሩንም ነው።

ባለአገሩ የሚጠይቀውና የሚናገረው ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዱስ ቁልቁል የሚታየው የኦሞ ዳርቻ ለፎቶ የተዋበ ይምሰል እንጂ ለካሮዎች እርሻ ነው። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ቁራሹ መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ፤ ውሃው ከግድቡ በስተጀርባ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ የየዓመቱ ሙላት እንደ ቀድሞው አልመጣም። በመንደሩ በኩል ቀስ ብሎ ያለፈ፣ ተቀምጦም ያዳመጠ መንገደኛ ይህን ይሰማል። ፎቶው ላይ ግን ደረቁ ዳርቻ እንደ ወትሮው ውብ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመልስ ጉብኝት ነው። በሐመርና በጎረቤቶቹ ወዳጅነት ዛሬ የተስተናገደ ነገ ያስተናግዳል፤ ከዱስ የሆነ አዛውንት ግን ከአውሮፓ የመጣውን ጎብኚ ቤቱ ሄዶ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ዕዳው በቅርብ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአርባ ምንጭና ከራሷ ከጂንካ ለሽርሽር በሚወርደው ኢትዮጵያዊ ላይ። የካሮ፣ የሙርሲና የሐመር ሰው ወደ ጂንካ ለሆስፒታል፣ ለፍርድ ቤት፣ ልጁን ለማስተማር ይመጣል። ቋንቋው ባይገባም ወንበር ስቦለት ከየት መጣህ፣ ምን ላግዝህ የሚለው የከተማ ሰው፣ ዱስ ላይ የተቀበለውን መስተንግዶ በአቅሙ ይመልሳል።