የክትና የዘወትር

አማርኛችን ልብስን የክትና የዘወትር ብሎ በሁለት ይከፍለዋል። የክቱ ተከትቶ የሚቀመጥ፥ ለበዓል፥ ለሠርግና ለክርስትና ብቻ ከሣጥን የሚወጣ ነው። የዘወትሩ ደግሞ ከማጀት እስከ ምንጭ፥ ከምንጭ እስከ ገበያ ከገላ የማይለይ፥ ጢስና ላብ የለመደ ነው። በልጅነቴ ይህ አከፋፈል ተራ የቤት አያያዝ ዘዴ ይመስለኝ ነበር። አንድ ከባድ ጥያቄ በዝምታ ይመልስ እንደ ነበር የተረዳሁት ከአገሬ ከወጣሁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሴት የምትለብሰው ለገላዋ ነው ወይስ ለሚያያት ሰው ዓይን? እናቶቻችን ለሁለቱም ተራ ሰጥተዋቸው ነበር፤ የክቱ ለዓይን፥ የዘወትሩ ለገላ።

በስደት አገር ይህ ተራ ፈረሰ። ማለዳ ተነሥታ አውቶቡስ የምትሳፈር፥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል፥ ከዚያው ልጇን ከትምህርት ቤት የምታወጣ፥ ማታም ለቅሶ ደርሳ ወደ ቤቷ የምትገባ ሴት ልብሷን የምትመርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ገና ሳይነጋ። ያ አንድ ልብስ እንዲያሠራት፥ ከብርድ እንዲጠብቃት፥ በሰው ፊትም እንዲያስከብራት ይጠበቃል። ሦስት ጌታ ያለው አገልጋይ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቅዳሜ ማታ፥ ከወዳጆቻችን አንዱ እናቱ በአገር ቤት ማረፋቸውን ስለ ሰማ ለለቅሶ ተሰብስበን ነበር። ጊዜው ጥር ነው። በምንኖርበት በሚኒሶታ በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚወርድበት ሌሊት ብርቅ አይደለም። አንዲት ወጣት እኅት ገባች። ካፖርቷን ስታወልቅ ከሥሩ ሰማያዊ የሥራ ዩኒፎርም ለብሳ ነበር። ጎንበስ ብላ ሶሉ ወፍራም የሆነውን የሥራ ጫማዋን ከበሩ አጠገብ አወለቀች፤ እግሯ አብጦ የካልሲዋ ጠርዝ በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶበት ነበር። ይህን አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን አላስተዋልሁትም። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በዩኒፎርሙ ላይ ጣል ስታደርግ፥ የቤቱ ባለቤት ያልሆንሁ፥ ማንም ያልጠየቀኝ እኔ በሴቶቹ ሁሉ ፊት «ምነው ልጄ፥ ለለቅሶ እንኳ ልብስ መለወጥ አቃተሽ?» አልኋት።

ምንም አልመለሰችልኝም። ጥግ ይዛ ጥቂት ተቀመጠች፤ ቡናውንም ሳትቀምስ ተነሥታ ሄደች። ከአረጋውያን መጦሪያ 12 ሰዓት ቆማ ስትሠራ ውላ በቀጥታ እንደ መጣች፥ ልብስ ልትለውጥ ወደ ቤቷ ብትሄድ ኖሮ ወደ ለቅሶው የሚያመጣት አውቶቡስ እንደማይኖር በኋላ ሰማሁ። ከዚያን ማታ ጀምሮ ዓመት ሙሉ በማኅበራችን ውስጥ አላየናትም።

የሚያሳዝነው የተናገርሁት በባህል ስም መሆኑ ነው፤ ባህሉ ግን ከእርስዋ ጋር ነበረ። በአገራችን መርዶ የሰማች ሴት ሣጥን አትከፍትም። ሊጥ በእጇ እንዳለ፥ የዘወትር ቀሚሷን እንደ ለበሰች፥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ መልሳ ትሮጣለች። ፈጥና መድረሷ ነው ክብሯ። እኔ ግን በባዕድ አገር ስኖር የለቅሶን ልብስ እንኳ የክት አድርጌው ኖሬአለሁ።

እናቴን አስታወስሁ። የዘወትር ቀሚሷ የአቡጀዲ ነበር፤ ሰፊ፥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስትጋግር ጉልበቷን የሚሸፍን፥ እጅጌው ወደ ላይ የሚሰበሰብ፥ ደረቱም ላይ ያለው ቅድ ለምታጠባ ሴት የሚመች። መቀነቷን ጌጥ ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ዳሩ ግን እንሥራ ስታዝል ወገቧን ይይዝላታል፥ ከወሊድ በኋላ ሆዷን ይደግፍላታል፥ ጫፉንም ቋጥራ ገንዘቧን ታስቀምጥበታለች። ያ ቋጠሮ ባንኳ ነበር። ዛሬ እዚህ በትልልቅ መደብሮች ከሚሸጠው የሴት ልብስ ብዙው ኪስ የለውም፤ ያለውም ጣት እንጂ እጅ አያስገባም። ልጄ አንድ ጊዜ ኪስ መስሎ የተሰፋ፥ ነገር ግን ምንም የማይከፈት ሱሪ አሳየችኝ። የኪስ ሥዕል ማለት ነው እንግዲህ! በወንዶች ልብስ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ እምብዛም አይታይም።

ይህን የምለው ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። እናቴ በባዶ እግሯ የሄደችው ምቾት መርጣ ሳይሆን ጫማ ስላልነበራት ነው። ይሁን እንጂ ያ ልብስ ሲፈጠር የምትለብሰው ሴት ምን እንደምትሠራ ታስቦበት ነበር። የዛሬውን የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ተመልከቱ። ለሠርግ የሚሰፋው ብዙ ጊዜ ወገቡና ዳሌው የጠበበ፥ ከኋላው በዚፕ የሚዘጋ፥ በሚያብለጨልጭ ክር የከበደ ነው፤ የለበሰችው ሴት በርጩማ ላይ መቀመጥ ይቅርና መኪና ውስጥ ለመግባት ረዳት ትፈልጋለች። ከዚያም አልፎ ከፋብሪካ የወጣ፥ ላብ የማይመጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ጥለት መሳይ ታትሞበት በባህል ልብስ ስም ይሸጣል። የእጅ ፈትል ጥጥ ግን አየር ያስገባል፥ ላብም ይጠጣል። ባህሉን ጠብቀናል ስንል የያዝነው መልኩን ሆኖ ምቾቱን ጥለነው እንዳይሆን እሠጋለሁ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚሁ በአሜሪካ በ1851 (እ.ኤ.አ.) አሚሊያ ብሉመር የተባለች ሴት ታዘጋጀው በነበረው «ዘ ሊሊ» በተሰኘ ጋዜጣ አዲስ የሴቶች አለባበስ ለአንባብያኗ አስተዋወቀች። በዚያ ዘመን ሴቶች መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ከብዙ የውስጥ ጉርድ ጋር ደርበው ይለብሱ ነበርና፥ አዲሱ አለባበስ ከጉልበት ጥቂት ዝቅ የሚል ቀሚስ ከሥሩም በቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ሱሪ ነበረ። ለሴቶች መብት የታገለችው ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን ይህን ልብስ የወደደችበትን ምክንያት ስትገልጽ፥ ልብሱን ቀድማ የለበሰችው ዘመዷ በአንድ እጇ መብራት በሌላው ሕፃን ይዛ ደረጃ ያለ ችግር ስትወጣ ማየቷን ትናገራለች። እርስዋ ራስዋ ግን በረዥሙ ቀሚሷ ባዶ እጇን እንኳ ደረጃውን የምትወጣው እየተጎተተች ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሆኖም ስታንተን ልብሱን ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ተወችው። ያሸነፋት ልብሱ ሳይሆን የመንገድ ላይ ፌዝ ነው። ሕግን ለመለወጥ የተነሣች ሴት የሰውን ዓይን መቋቋም ከበዳት።

ዘመኑ ተለውጧል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፥ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በ2017 (እ.ኤ.አ.) አሠሪዎች ሴት ሠራተኞቻቸውን ባለ ታኮ ጫማ እንዲጫሙ ማስገደድ እንዲቀር ተደንግጓል። ከፍ ያለ ታኮ የሰውነትን ክብደት ወደ እግር ጣቶች ሥር እንደሚገፋው፥ ለብዙ ጊዜ ከተለመደም የባትን ጡንቻ እንደሚያሳጥር የታወቀ ነውና ድንጋጌው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚያነሣው የአሠሪን ትእዛዝ ነው። በእኛ መካከል ታኮ የሚያስጫማው አሠሪ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታን ክፉ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ሰው ስለ እኔ ምን ይላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢያንስ ሌላ ሰው መኖሩን ያውቃል። መብል ለራስ ነው፥ ልብስ ግን ለሰው ነው እያሉ የሚመክሩ ሽማግሌዎችን ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ቃላቸውም ከንቱ አልነበረም። ይህን የተማርሁት ከእናቴ አልጋ አጠገብ ነው። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ እኛ ዘንድ መጥታ ኖራ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፥ አንድ ቀን ከድካም የተነሣ በቤት ቱታዬ፥ ጠጉሬንም ሳላበጥር ሄድሁ። ገና በበሩ ስገባ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ምን ሰማሽ? ማን ሞተ?» አለችኝ። የእኔን ምቾት እርስዋ ያነበበችው መርዶ ብላ ነው። በማግሥቱ የምትወድደውን ጥቃቅን አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለብሼ ሄድሁ። ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ በሜትር ስንት እንደ ገዛሁት ጠየቀችኝ፤ ውድ ነው ብላም ተቆጣችኝ፤ ያን ቀን በደንብ በላች። በእግሬ የተጫማሁት ግን ያንኑ ዝቅ ያለ፥ ያረጀ ጫማዬን ነበር። ከአልጋ በታች ማን ያያል?

ስለዚህ ጥያቄው የሰውን ዓይን እናክብር ወይስ እንናቅ የሚለው አይመስለኝም። የማን ዓይን ነው? ካየስ በኋላ ምን ያገኛል? የሚለው ነው። እናቴ ከቀሚሴ ያገኘችው ነገር ነበረ። በአንድ ሠርግ ላይ ግን ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት በታኮ ቆሜ ስውል፥ ሦስት ቀን ያነከስሁበትን ያን ጫማ ቀለሙን እንኳ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ሕመሙ የእኔ ነበረ፤ ትርፉ ግን የማንም አልነበረም። እንዲህ ያለውን ወጪ አክብሮት ብለን ስንጠራው ራሳችንን እናታልላለን።

በሌላ በኩል ልጄና እኩዮቿ ምቾት የሚሉትም ሁሉ ምቾት አይደለም። ሮጦ የማያውቅ ሰው የሚለብሰው፥ ስሙ በደረቱ ላይ በጉልህ የተጻፈበት ውድ የሩጫ ልብስ ያው የክት ነው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ። ይህን ስላት ትስቃለች፤ አልተቀበለችኝም።

ስለ አለባበስ በተነሣ ቁጥር ምክሩ ወደ ሴቶች ብቻ መዞሩም ፍርድ የጎደለው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ሳለ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው 49ኛ ስብከቱ የወቀሰው ወጣት ወንዶችን ነው፤ በሐር ክር ያጌጠ ጫማ ተጫምተው በክረምት ጭቃ፥ በበጋ አቧራ እንዳይነካባቸው በአደባባይ በእግራቸው ጣት የሚራመዱትን። ይህን ያህል ከሳሳችሁለት ጫማውን ከአንገታችሁ አንጠልጥሉት ወይም በራሳችሁ ላይ አድርጉት ብሎ ተሳልቆባቸዋል። ጫማ ለእግር መሆኑ ቀርቶ እግር ለጫማ ሲገዛ ያየው ያ አባት የዛሬን ሠርግ ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ።

በምሳሌ መጽሐፍ ምዕራፍ 31 የተመሰገነችውን ባለሙያ ሴትም ስንሰብክባት ስለ ትጋቷ ብዙ፥ ስለ ልብሷ ጥቂት እንናገራለን። ጸሐፊው ግን ስለ ልብሷ አላለፈውም። ቤተሰቧ ደርበው ስለ ለበሱ በረዶ አያስፈራትም ይላል፤ ቀጥሎም የራስዋን ልብስ ሲናገር ጥሩ በፍታና ቀይ ሐምራዊ ግምጃ ነው ይላል። ሙቀቱ አስቀድሞ፥ ውበቱ ተከትሎ ተነገረ። አንዱ ሌላውን አላሳፈረውም። በዚህ በበረዶ አገር ሆኜ ያን ምዕራፍ ባነበብሁት ቁጥር፥ በክረምት ነጭ ቀሚስ ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ታይት ደርበው፥ ከላይ ካፖርት፥ ከካፖርቱም ላይ ነጠላ አጣፍተው በበረዶ ላይ እየተጠነቀቁ የሚመጡትን እናቶቻችንን አስባለሁ። የመኪናው ቀበቶ ነጠላቸውን አጨማድዶት ሲወርዱ እጅ በእጅ ያቃኑታል፤ የበረዶ ቦት ጫማቸው ግን ከቀሚሱ ሥር በግልጥ ይታያል፤ ማንም አይስቅባቸውም። ለእነርሱ የፈቀድነውን ለዚያች ወጣት ስከለክል ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ፤ ዩኒፎርሙ ነው። እኔም እዚህ አገር እንደ መጣሁ ለዘጠኝ ዓመት የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ በአገር ልጅ ፊት ግን አንድ ቀን እንኳ አልታየሁበትም። አውልቄ በቦርሳዬ እከትተው ነበር። እርስዋ ግን ያልደበቀችውን እኔ አፈርሁበት።

ባለፈው ዓመት በማርያም ዝክር ላይ አገኘኋት። ይቅርታ ስጠይቃት «እማማ፥ ረስቼዋለሁ» አለችኝ፤ እንዳልረሳችው ግን ፊቷ ይናገር ነበር። ዝክሩ ካለቀ በኋላ ጫማችንን ልናደርግ በበሩ አጠገብ ጎን ለጎን ቆምን። የእኔ ጉልበት ከመታመሙ የተነሣ ሐኪሙ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ ካለኝ ወራት አልፈው ነበርና፥ ያን ነጭ ወፍራም ጫማዋን እያየሁ የት እንደ ገዛችው ጠየቅኋት። የሱቁን ስም በወረቀት ጻፈችልኝ። ቀጥላም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወፍራም ካልሲ እንዳደርግ፥ አለበለዚያ ተረከዜን እንደሚልጠኝ ነገረችኝ።